የቸኮለ ቤንዚን፦ ቱርቦና ከፍተኛ እመቃ በአንድ ሞተር ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ1962 ኦልድስሞቢል የተባለው የአሜሪካ መኪና አምራች ለገበያ ያቀረበው አንድ አዲስ መኪና ከሌሎች መኪኖች የሚለይበት ያልተለመደ ጠባይ ነበረው። ጄትፋየር የሚል ስም የተሰጠው ይህ መኪና ቤንዚን ብቻ አይበቃውም ነበር። በሞተሩ ክፍል ውስጥ አንዲት አነስተኛ ማጠራቀሚያ ተቀምጣለች፤ ባለቤቱም በየጊዜው እየከፈተ ሌላ ፈሳሽ ሊሞላባት ይገባል። ፈሳሹ «ቱርቦ ሮኬት ፍሉይድ» የሚል ግርማ ያለው ስም ይውጣለት እንጂ፣ በውስጡ የነበረው የተጣራ ውኃና ሜታኖል የተባለው የአልኮል ዓይነት በእኩል መጠን ተደባልቀው፣ ከጥቂት የዝገት መከላከያ ጋር ነው። ማጠራቀሚያዋ ባዶ ከሆነች መኪናው ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል። ብዙ ባለቤቶች መሙላቱን ረሱ፣ ወይም ሰለቹ። ጄትፋየር ከሁለት የሞዴል ዓመታት በኋላ ከገበያ ወጣ።

ዛሬ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በሪያድ ጎዳናዎች የሚሽከረከሩ በርካታ መኪኖች በጄትፋየር ላይ ተሞክሮ ያልሰመረውን ነገር በየዕለቱ ይሠሩታል። ቱርቦ አላቸው፤ የሞተራቸው እመቃም ከፍተኛ ነው፤ ባለቤቶቻቸው ግን ከነዳጅ ማደያ የተቀዳ ተራ ቤንዚን ከመሙላት በቀር ሌላ ግዴታ የለባቸውም። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት የማደያው ቤንዚን በተአምር አልተለወጠም። የተለወጠው ሞተሩ ነው፤ ቤንዚኑ ትዕግሥቱን ሊያጣ ሲቃረብ ቀድሞ የሚያውቅበትን መንገድ አገኘ። ይህን ለመረዳት በሲሊንደሩ ውስጥ በሰከንድ ሽርፍራፊ የሚፈጸመውን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ማመቅ ለምን ይጠቅማል?

አብዛኛው የቤንዚን ሞተር እስከ ዛሬ የሚሠራው ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 በሥራ ላይ ባዋለው ባለ አራት ምት ሥርዓት ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ወደ ላይ ሲመለስ የሳበውን ያምቃል፤ ካንዴላው ብልጭታ ሲሰጥ ድብልቁ ተቀጣጥሎ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ በመጨረሻም ፒስተኑ ተመልሶ ጭሱን ጠርጎ ያስወጣል። መካኒኮች በተለምዶ ኮምፕሬሽን የሚሉት የእመቃ ምጣኔ የሚገልጸው ሁለተኛውን ምት ነው። ፒስተኑ ታች ሳለ ከበላዩ ያለው ቦታ፣ ላይ ሲደርስ ከሚቀረው ቦታ ዐሥር እጥፍ ከሆነ ምጣኔው 10 ለ1 ይባላል።

ምጣኔው ከፍ ባለ ቁጥር ሞተሩ ከአንድ ሊትር ቤንዚን የሚያገኘው ሥራም ከፍ ይላል። ምክንያቱም በጠባብ ቦታ የነደደ ጋዝ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ይሰፋል፤ በሰፋ መጠንም ሙቀቱን ለፒስተኑ አስረክቦ ይወጣል። በንድፈ ሐሳብ ስሌት ምጣኔው ከ8 ወደ 10 ሲያድግ፣ ወደ ሥራ የሚለወጠው የሙቀት ድርሻ ከ56 በመቶ ገደማ ወደ 60 በመቶ ይወጣል፤ 12 ሲደርስ ደግሞ 63 በመቶ ገደማ ይሆናል። በእውነተኛ ሞተር ላይ ሙቀት በሲሊንደሩ ግድግዳ ስለሚያመልጥ፣ ክፍሎቹም እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ቁጥሮቹ ከዚህ በብዙ ያንሳሉ፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ስለዚህ ነዳጅ መቆጠብ የሚሻ መሐንዲስ ሁሉ እመቃው ከፍ እንዲል ይመኛል።

ቱርቦ የሚመጣው በሌላ በር ነው። ሞተርን የሚያጥረው ብዙውን ጊዜ ቤንዚን ሳይሆን አየር ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በአግባቡ እንዲቃጠል 15 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል፤ ይህን ያህል አየር ደግሞ ሞተሩ በራሱ ትንፋሽ ብቻ መሳብ አለበት። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ይህን እጥረት የሚያቃልል ነበር። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ በከንቱ ከሚባክን አንዲት ተሽከርካሪ ያዙር፤ እርሷም በአንድ ዘንግ የተያያዘቻትን ሌላ ተሽከርካሪ ታዙር፤ ሁለተኛይቱ ደግሞ አየር አምቃ ወደ ሲሊንደሩ ታስገባ። የዛሬዎቹ ቱርቦዎች በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራሉ።

ይህ መሣሪያ ገና በማለዳው ከተፈተነባቸው ስፍራዎች አንዱ ለኢትዮጵያውያን የሚገባ ችግር ያለበት ቦታ ነበር። የጄኔራል ኤሌክትሪኩ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1918 አንድ የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣ። በዚያ ስስ አየር ውስጥ ሞተሩ ያለ ቱርቦ ይዝላል፤ ከቱርቦ ጋር ግን በባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ያላነሰ ጉልበት ሰጠ። አዲስ አበባም 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው መኪና በእንጦጦ ዳገት ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣ ሆኖ ይወጣል። ቱርቦ የጎደለውን አየር ይሞላል።

እንግዲህ ሁለቱም መልካም ናቸው፤ አንዱ ቁጠባ፣ ሌላው ጉልበት ይሰጣል። ሁለቱን በአንድ ሞተር ላይ ማጣመር ለምን ያስቸግራል? መልሱ ሙቀት ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች

የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሰው መንፊያው እንደሚግል ያውቃል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ ቱርቦም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የነበረን አየር ግማሽ ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት የሚሰጥ ቱርቦ ቢያምቀው፣ የተለመደውን የመሣሪያ ብቃት ይዘን ስናሰላ፣ አየሩ 75 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ እንደሚሆነው መነሻው 45 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ 100 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ አየር ሲሊንደር ውስጥ ከገባ በኋላ ፒስተኑ በድጋሚ ያምቀዋል። በ10 ለ1 እመቃ፣ መግቢያው ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ዲግሪ በምቱ መጨረሻ ወደ ሁለት ዲግሪ ያህል ያድጋል። የቱርቦ እመቃና የፒስተን እመቃ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም።

ካንዴላው ብልጭታ ሲሰጥ ድብልቁ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይነድም። እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ፣ ደረቅ ሣር ላይ እንደተለኮሰ ቃጠሎ፣ እየሰፋ ወደ ግድግዳው ይጓዛል። እሳቱ ሲሰፋ ገና ያልደረሰበትን ድብልቅ ወደ ጥግ ይገፋዋል፤ ሲገፋውም የበለጠ ያምቀዋል፤ የበለጠም ያሞቀዋል። ድብልቁ እሳቱ እስኪደርስለት መታገሥ ከቻለ ሁሉም በሰላም ይጠናቀቃል። ካልቻለ ግን በጥጉ ሳለ በራሱ ጊዜ በአንዴ ይፈነዳል። የተፈጠረው የግፊት ማዕበል ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላተመ ሞተሩን እንደ ደወል ያንጫርረዋል። ይህ ነው የሞተር ማንኳኳት የሚባለው። አባቶች «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ ለቸኮለ ቤንዚንም ይሠራል። ያ ጉልበት ፒስተኑን በመግፋት ፈንታ ፒስተኑን በመቀጥቀጥ ይባክናል።

ጉዳቱ ከድምፅ በላይ ነው። በተለመደው ቃጠሎ የሲሊንደሩንና የፒስተኑን ገጽ ከእሳቱ የሚጋርድ ስስ የጋዝ ሽፋን አለ። ማዕበሉ ይህን ሽፋን ሲገፈው ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ብረቱ ይገባል። በዝቅተኛ ጉልበት ላይ ቀለል ያለ ማንኳኳት ለረጅም ጊዜ ያለ ጉዳት ሊቆይ ይችላል። በቱርቦ በተሞላ ሞተር ላይ ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ድብልቅ ብዙ ስለሆነ ምቱም በዚያው ልክ የከፋ ነው፤ ፋሻ የሚባሉት ቀለበቶች የሚቀመጡባቸው የፒስተን ጠርዞች ይሰበራሉ፤ በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ ይነፍሳል፤ የፒስተኑ አናት ይቀልጣል። እንዲህ ያለው ጥፋት ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ሊወስድ ይችላል።

ኦክቴን፦ የቤንዚን ትዕግሥት

በነዳጅ ማደያ ላይ የሚታየው ቁጥር የቤንዚኑን ጉልበት የሚናገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ቁጥሩ የሚለካው ትዕግሥትን ነው። በ1920ዎቹ በተዘረጋው መለኪያ፣ አይሶኦክቴን የተባለውና ሳይነድ ብዙ እመቃ የሚችለው ንጥረ ነገር 100 ተሰጠው፤ ሄፕቴን የተባለውና ወዲያው የሚቸኩለው ደግሞ 0 ተሰጠው። 95 ቁጥር ያለው ቤንዚን በመፈተሻ ሞተር ላይ ሲሞከር ጠባዩ 95 እጅ አይሶኦክቴንና 5 እጅ ሄፕቴን ካለበት ድብልቅ ጋር ይመሳሰላል ማለት ነው።

በተለያዩ አገሮች ለሚኖሩ አሽከርካሪዎች አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ያሻል። አውሮፓና የባሕረ ሰላጤው አገሮች በማደያ ላይ የሚጽፉት በአንደኛው የፍተሻ ዘዴ የተገኘውን ቁጥር ነው። አሜሪካ ግን የዚህንና ከበድ ባለ ሁኔታ የሚደረገውን የሁለተኛውን ፍተሻ አማካይ ትጽፋለች፤ ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። የአሜሪካው 87 በዱባይ ወይም በሪያድ ከሚሸጠው 91 ጋር ተቀራራቢ ነው፤ በአውሮፓ የተለመደው 95 ደግሞ ከአሜሪካው 91 ብዙ አይርቅም። ኮሎራዶን በመሳሰሉ ከፍተኛ ቦታዎች 85 የሚል ቤንዚንም ይሸጣል። ምክንያቱ በስስ አየር ውስጥ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጥቂት አየር ስለሚስብ ማንኳኳቱ ይቀንሳል የሚል ነው። ይህ ምክንያት ባለቱርቦ ሞተርን አይመለከትም፤ ቱርቦው የጎደለውን አየር መልሶ ይሞላዋልና። በዴንቨር ለሚኖር የባለቱርቦ መኪና ባለቤት 85 የሚለው ርካሽ ቤንዚን የተሳሳተ ቁጠባ ሊሆን ይችላል።

ትዕግሥትን በርካሽ ለመግዛት የተደረገው ትልቁ ሙከራ ዓለምን ብዙ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 ቶማስ ሚጅሊ የተባለው የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪ፣ ቴትራኤቲል ሌድ የተሰኘ የእርሳስ ውሕድ በጥቂቱ ቢጨመር ማንኳኳትን እንደሚያስቀር አገኘ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ አገሮች አንድ በአንድ አስወገዱት። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መባቻ ሲሰናበቱት፣ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 ሽያጩን አቆመች። እርሳሱ ሲወጣ ግን መሐንዲሶች የትዕግሥቱን ምንጭ ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረባቸው።

የ1962ቱ ሁለት መንገዶች

ጄትፋየር የተወለደው እርሳስ ገና በቤንዚን ውስጥ ባለበት ዘመን ነው። በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ደግሞ በዚያው በጄኔራል ሞተርስ ጥላ ሥር ያለው ሸቭሮሌ ኮርቬር የተባለውን መኪናውን በቱርቦ አቀረበ። ሁለቱ እህትማማች ኩባንያዎች አንድን ችግር በሁለት መንገድ ፈቱት።

ሸቭሮሌ እመቃውን መሥዋዕት አደረገ፤ ምጣኔውን ወደ 8 ለ1 አወረደው። ሲሊንደሩ ውስጥ ለቱርቦው ሙቀት የሚሆን ክፍተት ተገኘ፤ ሞተሩም 150 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። ዋጋው የሚከፈለው ቱርቦው ገና ባልነቃበት ጊዜ ነው። መኪናው በከተማ ውስጥ በዝግታ ሲሄድ እመቃው ዝቅተኛ የሆነ፣ ዘገምተኛ ሞተር ይዞ ይጓዛል።

ኦልድስሞቢል ይህን አልፈለገም። 3.5 ሊትር የሚይዘውን ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሉሚኒየም ሞተር በ10.25 ለ1 እመቃው እንደያዘ ተወው፤ በላዩም ከግማሽ ባር ያነሰ ግፊት የሚሰጥ ቱርቦ ጨመረበት። ያለ ቱርቦ 185 የነበረው ጉልበት 215 ሆነ። የተጨመረውን ሙቀት ለመዋጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የውጊያ አውሮፕላኖች ላይ ያገለገለውን ብልሃት ተዋሰ፤ ይኸውም ውኃና ሜታኖል ከአየሩ ጋር መርጨት ነው። አንድ ኪሎ ውኃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት፣ አንድ ኪሎ ቤንዚን ሲተን ከሚወስደው ስድስት እጥፍ ይሆናል። ሜታኖልም ራሱ ሲተን ብዙ ሙቀት ይወስዳል፤ ሲነድም የማይቸኩል ነዳጅ ነው።

በፊዚክስ ረገድ ሥራው እንከን አልነበረበትም። ፈሳሹ ሲያልቅ መብራት ያስጠነቅቃል፤ ግፊቱን የሚገድብ በርም ይዘጋል። ስሕተቱ የተሠራው ሰውን በተመለከተ ነው። በጦርነት ላይ ያለ አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት የሚመረምረው የሠለጠነ ባለሙያ አለው፤ ቤተሰቡን ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ግን ይህን ልማድ የለውም። ፈሳሹን ያልሞላ ባለቤት የከፈለበትን ጉልበት አላገኘም፤ ያልተጠቀመበት ቱርቦም ብልሽት አበዛበት። ውሎ አድሮ ኩባንያው ለቅሬታ አቅራቢዎች ቱርቦውን አውልቆ በተለመደ ካርቡሬተር መተካትን አማራጭ አድርጎ አቀረበ። በድምሩ ከ10,000 ያነሱ ጄትፋየሮች ብቻ ተሠርተዋል።

ጆሮ ያበቀለ ሞተር

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያሸነፈው የሸቭሮሌ መንገድ ነበር። በ1970ዎቹ እርሳስ የሌለበት ቤንዚን ሲመጣ አሜሪካውያን አምራቾች ቱርቦ የሌላቸውን ሞተሮች እመቃ ሳይቀር አወረዱ። ቱርቦን ለተራው ገዢ ካስተዋወቁት መኪኖች አንዱ የሆነው የስዊድኑ ሳብ 99 ቱርቦ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲወጣ ምጣኔው 7.2 ለ1 ብቻ ነበር። አሽከርካሪው ነዳጅ ሲረግጥ መጀመሪያ ድካም፣ ቀጥሎ ድንገተኛ ግፊያ ይሰማው ነበር።

ለውጡ የመጣው ከማዳመጥ ነው። የሚያንኳኳ ሞተር ድምፅ የራሱ ቃና አለው፤ በተለመደ ስፋት ሲሊንደር ውስጥ በሰከንድ ከ6,000 እስከ 7,000 ጊዜ ገደማ ይንቀጠቀጣል። ይህን ቃና ለይቶ የሚሰማ፣ የጣት ጫፍ የሚያህል ዳሳሽ በሞተሩ አካል ላይ ቢታሰር ማንኳኳቱን የሰው ጆሮ ከመስማቱ በፊት ያውቀዋል። ቢዊክ እ.ኤ.አ. በ1978 ባለቱርቦ ሞተሩ ላይ እንዲህ ያለ ዳሳሽ ተከለ፤ ማንኳኳት ሲሰማ የብልጭታውን ጊዜ ያዘገይ ነበር። ሳብ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሐሳቡን ወደ ፊት ገፋው። የእርሱ ሥርዓት ማንኳኳት ሲሰማ የቱርቦውን ግፊት ራሱን ይቀንሳል፤ ሲረጋጋ መልሶ ይጨምራል። በዚህም እመቃውን ወደ 8.5 ለ1 ከፍ ማድረግ ተቻለ፤ መኪናውም ከአገር አገር የሚለያየውን የማደያ ቤንዚን እንዳመጣጡ ተቀበለ።

ጄትፋየር ሰውየው እንዲያስታውስ ይጠይቅ ነበር፤ ይህኛው ሰውየውን ምንም አልጠየቀም። ጥሩ ቤንዚን ሲያገኝ ጉልበቱን ያሳያል፤ ደካማ ሲያገኝ በራሱ ይቆጠባል። ዛሬ የሚሸጥ ባለቱርቦ የቤንዚን መኪና ሁሉ በዚህ መርህ ይሠራል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው እርምጃ የቤንዚኑን ቅዝቃዜ በራሱ መጠቀም ነው። በዘመናዊ ሞተሮች ቤንዚኑ ከአየር መግቢያው ይልቅ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይረጫል። ሲተን የሚወስደው ሙቀት ከቧንቧው ግድግዳ ሳይሆን ከታመቀው አየር ስለሚሆን ድብልቁ ይቀዘቅዛል። ኦልድስሞቢል በውኃ ያደርገው የነበረውን ሥራ በከፊል ቤንዚኑ ራሱ ተረከበው። ከቱርቦው የወጣው አየር በኢንተርኩለር፣ ማለትም ራዲያተር በሚመስል ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ ቱርቦው ከጨመረው ሙቀት ብዙውን ይተዋል።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2010 ሞዴሎቹ ላይ ያወጣው 3.5 ሊትር ባለቱርቦ ሞተር 10 ለ1 እመቃ ነበረው፤ ይህም የጄትፋየር እመቃ ያህል ነው ማለት ይቻላል። የማዝዳ 2.5 ሊትር ባለቱርቦ ሞተር 10.5 ለ1 እመቃ አለው። በአሜሪካው 87 ቤንዚን 227፣ በ93 ቤንዚን ደግሞ 250 የፈረስ ጉልበት እንደሚሰጥ ኩባንያው አስታውቋል። ሞተሩ አንድ ነው፤ 23 የፈረስ ጉልበት ያስገኘው የቤንዚኑ ትዕግሥት ብቻ ነው። ሆኖም ያው ማዝዳ ቱርቦ በሌለው የዚህ ሞተር ዓይነት ላይ እስከ 13 ለ1 የሚደርስ እመቃ ተጠቅሟል። ቱርቦ ሲገባ እመቃ ዝቅ ማለቱ አልቀረም፤ ቅናሹ ግን እንደ ድሮው ከባድ አይደለም። ኒሳን በበኩሉ ከ2018 ጀምሮ ለገበያ ባቀረበው ሞተር የፒስተኑን የመውጫ ከፍታ በሚለውጥ አሠራር ምጣኔውን ከ8 እስከ 14 ለ1 ድረስ እየቀያየረ፣ በእርጋታ ሲነዳ ቁጠባን፣ ሲረገጥ ጉልበትን ይመርጣል።

በጋራዥ ውስጥ ለሚሞክሩት

መኪና አፍቃሪ ወጣቶች በርካሽ የሚሸጥ የቱርቦ ዕቃ ገዝተው፣ ያለ ቱርቦ በተሠራ ሞተር ላይ መግጠም ያምራቸዋል። የዛሬ ሞተሮች እመቃ ብዙ ጊዜ ከ10 ለ1 ስለሚበልጥ፣ ይህ ሰው ሳያውቀው በኦልድስሞቢል መሐንዲሶች ቦታ ይቆማል። ሥራው የማይቻል አይደለም፤ ግን ዕቃውን በብሎን ከማሠር ያለፈ ነው።

የመጀመሪያው ገደብ ግፊቱ ነው። በማደያ ቤንዚን፣ በ10 እና በ11 ለ1 መካከል ባለ ሞተር ላይ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ከግማሽ ባር ያልበለጠ ግፊት ነው፤ ኢንተርኩለርም የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ሁለተኛው የብልጭታ ጊዜ ነው። ለቱርቦ አልባ ሞተር የተቀመረው ሰዓት ለአዲሱ አየር የተፋጠነ ይሆናል፤ ስለዚህ መዘግየት አለበት። በጣም ከዘገየ ግን ጉልበቱ ይወርዳል፤ ጭሱም እጅግ ግሎ ቱርቦውን ይጎዳል። ሦስተኛው ቤንዚን ነው። የገባው አየር በበዛ መጠን የሚረጨውም ሊበዛ ይገባል፤ ፓምፑና መርጫዎቹ አቅም ካጡ ድብልቁ ይሳሳል፤ የሳሳ ድብልቅ በግፊት ውስጥ የሞተር ጠላት ነው። እነዚህን ሦስቱን የሚያስተካክለው የሞተሩ ኮምፒዩተር በባለሙያ እንደገና መቀመር አለበት።

በየቦታው የሚኖረው ልዩነትም ከግምት ውስጥ መግባት ይኖርበታል። በክረምት ሚኒሶታ ውስጥ የተቀመረና በሰላም የሚሠራ ሞተር፣ በበጋ ኩዌት ውስጥ ሊያንኳኳ ይችላል፤ ያው ግፊት፣ ያው ቤንዚን ሆኖ ሳለ የሚገባው አየር በብዙ ዐሥር ዲግሪዎች የበለጠ ግሏልና። ኢታኖል የበዛበት ቤንዚን በሚገኝበት አገር ትዕግሥቱም ቅዝቃዜውም ይጨምራል፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጀው መጠን ግን በሩብ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል።

ቱርቦ ከፋብሪካው ተገጥሞለት የመጣ መኪና ያለውም ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ነገር አለ። የመኪናው መመሪያ ከፍ ያለ ኦክቴን ግዴታ ነው ካለ ግዴታ ነው፤ ይመከራል ካለ ደግሞ ዝቅተኛው ቤንዚን ሞተሩን ባይሰብረውም ጉልበቱን ይቀንሰዋል። መመሪያው 87 ወይም 91 ይበቃዋል ለሚለው ቱርቦ አልባ መኪና ግን ውዱን ቤንዚን መግዛት ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ከማባከን አያልፍም፤ ትዕግሥት የሚጠቅመው የሚፈታተነው ሲኖር ነው። ዘይትም ቦታ አለው። በአነስተኛ ባለቱርቦ ሞተሮች ላይ፣ በዝቅተኛ ዙር በኃይል ሲረገጡ የዘይት ጠብታ ከካንዴላው ቀድሞ ድብልቁን ሊለኩሰው እንደሚችል ታውቆ፣ ከ2018 ጀምሮ ይህን የሚቀንሱ የዘይት ደረጃዎች ወጥተዋል። መመሪያው የሚያዘውን የዘይት ዓይነት መተው በዚህ ረገድ ዋጋ ያስከፍላል።

ከባድ ዳገት ላይ፣ በሙቀት ቀን፣ ነዳጅ ሲረገጥ ከሞተሩ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደሚፈስ ያለ ድምፅ ቢሰማ፣ እግርን ከነዳጅ ላይ ማንሣትና ማርሽ መቀነስ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ዳሳሹ ተበላሽቶ፣ ቤንዚኑ ዝቅተኛ ሆኖ ወይም ማቀዝቀዣው ደክሞ ይሆናል። በጄትፋየር ዘመን ይህን ድምፅ መስማት የአሽከርካሪው ሥራ ነበር። አሁን አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ይሰማለታል፤ ድምፁ ከሰው ጆሮ ከደረሰ ግን መኪናው በራሱ ማድረግ የሚችለውን ጨርሷል ማለት ነውና ወደ ጋራዥ መውሰድ ይገባል።